ሻለቃ ሆይ፣ ካሜራዬን የት ላድርጋት?

ለተከበሩ ሻለቃ ኢኖከንቲ ስፒሪዶኖቪች፣ የወረዳችን የመንገድ ትራፊክ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ በፊት እንደምን ከረሙ ጌታዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ጉልበትዎስ፣ የቢሮዎ ምድጃ ደህና ይነዳል ወይ? ትንፋሽ ከአፍ ወጥቶ አገጭ ላይ በረዶ በሚሆንበት በዚህ ወር ከሞቀው ቢሮዎ ሳይወጡ እንዲከርሙ የሁላችንም ምኞት ነው፣ እርስዎ ሲወጡ'ኮ ነው እኛ የምንቀጣው።

እኔ ናሪያና ነኝ፣ የሟቹ የሹፌሩ የሴምዮን ልጅ፣ በግራጫዋ ቫን ከቶንኩዌል መንደር ያኩትስክ ከተማ ሰው የማመላልሰው። ትምህርት ብዙም አልገፋሁም፣ ስለዚህ አረፍተ ነገሬ ረዝሞ ትንፋሽ ቢያሳጥርዎ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔም ትንፋሼ አጥሮ ነው የምፅፈው። ጥሪዎ ደርሶኛል። ሰኞ ካሜራሽን ከነካርዷ ይዘሽ ቅረቢ፣ ካሜራዋ ያለቦታዋ ስለተገኘች፣ የአቶ አይታልን መኪና ከኋላ ስለገጨሽ፣ መንጃ ፈቃድሽ ይነጠቃል ይላል። አቶ አይታል ማለት አማችዎ፣ የልጅዎ ባል፣ ጥሪው ላይ ይህ አልተፃፈም፣ መቼም ወረቀቱ ጠብቧችሁ ይሆናል። እንዳነበብኩት ፈራሁ፣ ውሸት ምን ያደርጋል። ብቻዬን ገብቼ ያ በር ከኋላዬ ሲዘጋ ታየኝ። ከዛ ቁጭ ብዬ አሰብኩና መፍራቴ ካልቀረ ሰው በተሰበሰበበት ልፍራ ብዬ ይህችን ደብዳቤ ለርስዎ ልኬ ግልባጯን ሱቁ በር ላይ ለጠፍኩ፣ የመንደሩ የስልክ ግሩፕ ላይም ለቀቅኩ። ቅር እንዳይልዎ ጌታዬ፣ ምስጋናው ብዙ ስለሆነ ሰው ቢሰማው ጥሩ ነው ብዬ ነው።

አንደኛ፣ የመኪና ካሜራ የት እንደሚሰቀል ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። እኔ ሞኟ መሀል ላይ ነበር የለጠፍኳት፣ ከፊት መስታወቱ ከመሀሉ። ሳጅን ዱሉስታን አስቆመኝና እይታሽን ትጋርዳለች ብሎ ቀጣኝ። እውነቱን ነው። እርስዎም ያውቁታል፣ እኛ በብርዱ ወራት መስታወት ላይ መስታወት ደርበን ነው የምንነዳው፣ እንደዛም ሆኖ ውርጩ ይጋገርበትና የምታሳየኝ ማሞቂያው የሚነፋባት የሰሃን አፍ የምታህል ክብ ብቻ ናት። ካሜራዋን እዛች ክብ ላይ ካደረግኳት እሷ ታያለች፣ እኔ አላይም። ከክቧ ውጪ ካደረግኳት እኔ አያለሁ፣ እሷ ውርጭ ስትቀርፅ ትውላለች። ይህን ለሳጅኑ ባስረዳው ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ተራ በተራ እዩ» አለኝ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ያላቸውን ልጆች ከየት ነው የሚመለምሉት ጌታዬ? ፈጣሪ ይጠብቅልዎ።

ሁለተኛ፣ ከስፖኪዮው ጀርባ አዛወርኳት። እዛ ደግሞ አባቴ ያንጠለጠላት ነጭ የፈረስ ጭራ አለች፣ ከመንገድ ላይ ክፉውን እንድታባርር፤ ቫኗን ስወርስ እሷንም ወርሻለሁ። ሳምንት ሙሉ ነድቼ ካርዷን ብከፍታት ምን ላይ፣ የፈረስ ፀጉር፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ አንድ ፈረስ ጀርባውን ሰጥቶን እስከ ያኩትስክ ድረስ የመራን ነው የሚመስለው። ሌተናንት ጋቭሪል አይቶ ጭራዋን አውርጃት አለኝ። እኔም በትህትና፣ የናንተ የትራፊክ መኪና ላይ ክንድ የሚያህል ጭራ ተንጠልጥሎ የለም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ያ የመስሪያ ቤቱ ነው አለኝ። ስለዚህ ክፉ መንፈስ ሲመጣ መስሪያ ቤቱን አልፎ እኛ ላይ ይረፍ ማለት ነው። ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ፣ ጭራዋን ግን አላወረድኳትም።

ሦስተኛ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ሞከርኩ። የካሜራዋ የጎማ እግር ብርዱ ሲይዛት ድንጋይ ትሆንና ትለቃለች፣ ጉድጓድ በተሻገርን ቁጥር አንዱ ተሳፋሪ ጉያ ውስጥ ናት። እዚህ ላይ ተሳፋሪዎቼንም ላመስግናቸው፣ ያን ሰሞን ስለ ሌላ ነገር አላወሩም፣ ትዳሩ የፈረሰ ሰው እንኳን ሳይታማ ከረመ። መምህሯ ግራ ጥግ ነው አሉ። ዓሳ ነጋዴው ፒዮትር አይሆንም፣ ግራ ጥግ ላይ የምታየው የሌላ ሰው ጥፋት ብቻ ነው፣ ቀኝ ይሻላል አለ። ከኋላ አንዱ እዛው ሆኖ ካሜራዋን ግንባርሽ ላይ እሰሪያት አለኝ፣ ያን ያህል ነው የሚያስቡልኝ። በመጨረሻ በፒዮትር የዓሳ ሙጫ ለጥፌ በአጋዘን ጅማት ጠፈርኳት፣ አልተነቃነቀችም፣ ብቻ ማሞቂያው ሲነካው ቫኗ ሙሉ የበሰበሰ ዓሳ ሸተተች። ሳጅን ዱሉስታን መስኮቴን አስከፍቶ አንገቱን አስገባ፣ ወዲያው መልሶ አወጣና ደንቡ ላይ ጅማት የሚል የለም ብሎ ቀጣኝ። ስለ ሽታው ምንም አላለኝም፣ ጨዋ ልጅ ነው። ጅማቱን ፈታሁ። እንግዲህ ልብ ይበሉልኝ ጌታዬ፣ ጅማቱን ያስፈታኝ መስሪያ ቤትዎ ነው።

አራተኛ። እዚህ ጋ ስደርስ እንደገና ፈራሁ፣ ቢሆንም ልፃፈው።

ባለፈው ሳምንት የሌናን ወንዝ በበረዶው ላይ እየተሻገርን ነበር። ቀበቶ ፍቱ የሚለው ሰሌዳ ጋ እንደ ደንቡ ቀበቶ ፈትተናል፣ በረዶው ቢከፈት ዘለን እንድንወጣ። ጉም ነው፣ የራሴን መብራት መልሶ ዓይኔ ላይ ነው የሚረጨው፣ በእግር እንደሚሄድ ሰው ቀስ እያልኩ ነው። እትዬ አኩሊና ከፊት፣ ከጎኔ ተቀምጠዋል፣ ዓይናቸውን ለማሳከም ዘወትር ከኔ ጋር የሚመላለሱት። ካሜራዋ ያው እንደ ልማዷ ወደቀች። እትዬ አኩሊና አነሷትና ወይ በረዳት ብለው የፀጉር ካፖርታቸው ውስጥ ከተቷት፣ ጡት እንደምትጠባ ልጅ። እኔም ሳቅኩ። እየሳቅኩ ሳለሁ በቀኝ በኩል፣ መንገድ በሌለበት፣ በበረዶ ክምሩ ጥግ አንድ ነጭ መኪና ከጉሙ ውስጥ ፈንጥቆ መጣና እኩላችን ሆነ።

እትዬ አኩሊና መቼም የሰው መኪና ውስጥ ማን እንዳለ ሳያዩ ማለፍ አይሆንላቸውም፣ ከጎናቸው ያለው መስኮት ላይ ውርጩን በጥፍራቸው ፍቀው የከፈቷት ቀዳዳ አለቻቸው። ካሜራዋን ከጉያቸው መዝዘው እዛች ቀዳዳ ላይ ደገኗት። ኋላ ለምን ብላቸው፣ ይህን እብድ እኔ ብቻዬን አይቼው ማን ያምነኛል ብዬ ነው አሉኝ። ሰልፍ እንዲያይ ብብቱን ይዘው ከፍ እንደሚያደርጉት ልጅ ነው ያነሷት። እሷም አየች። ታርጋውን አየች፣ ወደ እኛ ሲታጠፍ አየች፣ የቫኗን የቀኝ ጥግ ሲመታ አየች። እኔ መሪውን ይዤ አባቴን ስጠራ ድምፄም አለ፣ ያንን ባይሰሙብኝ ደስ ይለኛል። በረዶው ከስራችን ጮኸ፣ ግን ያዘን።

አቶ አይታል ወርዶ በሬን ከፈተው። ኮፍያ አላደረገም፣ ጃኬቱም አልተቆለፈም። ከኋላ ገጨሽኝ አለ። እርስዎ በቀኝ ነው የመጡት ልለው ፈልጌ ግማሹ ብቻ ወጣልኝ። ያኔ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይህን ቃል በቃል ነው የምፅፍልዎ፣ ካሜራዋም ቃል በቃል ይዛዋለች፦

«ሻለቃው አማቴ ነው። የሆነው ነገር ሆነ የሚባለው እሱ ሲፅፈው ነው።»

እትዬ አኩሊና በኔ ላይ አቋርጠው ጎንበስ ብለው «አንተ ልጅ፣ ኮፍያህን አድርግ፣ ጆሮህ ይረግፍና እሱንም እሷ ናት የቆረጠችው ትላለህ» አሉት። እሱም ጆሮውን በእጁ ይዞ ሄደ።

እሱ የተናገረው ደግሞ እውነት ሆነ። የፃፉት ሆነ። ከኋላ ገጨች ብለው ፃፉ፣ ገጨሁ።

አምስተኛ፣ ካርዷን ይዤ ሌተናንት ጋቭሪል ጋ ሄጄ ነበር፣ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ። ሌተናንቱ ፊልሙን አላየውም። ማየት አያስፈልግም አለ፣ ካሜራዋ በእጅ ተይዛ እንጂ በደንቡ ተሰቅላ ስላልነበረች ያየችው እንዳየች አይቆጠርም። እኔ'ኮ አልተማርኩም፣ ግን መንገድ ሙሉ ሳሰላስለው መጣሁ። በደንቡ ተሰቅላ ቢሆን ኖሮ ወደፊት ነበር የምታየው፣ ከፊት ያለው ደግሞ ጉም ነው። ስለዚህ ምንም አታይም ነበር። ምንም ያላየች ካሜራ ሕጋዊ ናት፣ ያየች ካሜራ ጥፋተኛ ናት። ይህን የመሰለ ደንብ ያወጣ ሰው ቀላል ሰው አይደለም፣ እርስዎ ከሆኑ እጅዎን መሳም እፈልጋለሁ፣ ጓንቱን ሲያወልቁ።

ሌላ ቅሬታ የለኝም። ፍርሃት ነው ያለኝ። መንጃ ፈቃዴን ከወሰዱ እኔ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም፣ አባቴ ያስተማረኝ መንዳት ነው፣ ቤት ውስጥ እናቴና ወንድሜ የኔን እጅ ነው የሚያዩት። መንደሩም በዚህ ወር ከኔ ሌላ ወንዙን የሚያሻግረው የለም፣ ሌላኛው ሹፌር ሞተሩ ፈንድቶበት ፀደይን እየጠበቀ ነው። የእትዬ አኩሊና የቀኝ ዓይን ጠፍቷል፣ ሐኪሙ ሕክምናውን ካላቋረጡ ግራውን አተርፈዋለሁ ብሏቸዋል። እኔ ከቀረሁ ያችም ዓይን አብራ ትቀራለች። ያንን ሁሉ ያየችው ዓይን እሷ መሆኗን ደግሞ እርስዎ ሳይሆኑ አይቀሩም ቀድመው የተረዱት።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። ሰኞ እመጣለሁ። ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብለው ይዩልኝ፣ ከዛ ካሜራዋ የት መሆን እንዳለባት በጣትዎ ያሳዩኝ፣ እዛው እሰቅላታለሁ። ካርዷን ይዤ መጥቼ እሰጥዎታለሁ፣ እንዳሉት። መስሪያ ቤት ውስጥ ዕቃ ብዙ ነው፣ ድንገት ብትጠፋብዎ እንዳይጨነቁ ብዬ ግልባጯን መምህሯም ጋ፣ ፒዮትርም ጋ፣ የእትዬ አኩሊናም ስልክ ላይ አድርጌያታለሁ። እነሱም አብረውኝ ይመጣሉ፣ ቫኗ ሞልታለች። ፈቃዴን የሚነጥቁኝ ከሆነ እነዚህን ሁሉ ሰዎች ማን ነድቶ እንደሚመልስልኝ አስቀድመው ቢያስቡበት መልካም ነው፣ በረንዳዎ ላይ ሊያድሩ አይችሉም፣ ይደርቁብዎታል።

በተረፈ መቼም ለርስዎ ያለኝ አክብሮት ከወንዙ በረዶ ይልቅ ወፍራም ነው፣ እንደሱም ከስሩ ብዙ ነገር ይፈስሳል። ጤና፣ ዕድሜ፣ የማይጠፋ ምድጃ፣ የማይደበዝዝ መነፅር ይስጥልኝ እያልኩ፣ በፍርሃት ላይ ሆኜ ግን ቆሜ፣

ታዛዥዎ
ናሪያና፣ የሴምዮን ልጅ
የግራጫዋ ቫን ሹፌር፣ እስከ ሰኞ ድረስ

የረሳሁት ማስታወሻ፦ ነጯ መኪና መሪዋ በቀኝ ነው፣ ከጃፓን እንደሚመጡት፤ ስለዚህ በእትዬ አኩሊና ቀዳዳ በኩል በደንብ የምትታየው ከአማችዎ ጎን፣ በግራ ወንበር የተቀመጠችው ሴት ናት፣ የቀይ ቀበሮ ኮፍያ ያደረገችው፣ እጇ እሱ አንገት ላይ ያለው። እኔ ልጅዎ ቱይጉና መስላኝ በዚህ ደብዳቤ ሰላምታ ልልክላት ነበር። እትዬ አኩሊና ግን ቱይጉናማ ከመንደር ስንነሳ ፋርማሲዋ ውስጥ ቆማ ለኔ የዓይን ጠብታ ሸጣልኝ አልነበር ወይ አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው። ትናንት ቱይጉና እራሷ ቤቴ መጣችና ፊልሙን አሳዪኝ አለችኝ። የሻለቃ ልጅ ጠይቃ እምቢ ማለት ፈራሁ። ደጋግማ አየችው፣ ሲያልቅ እንዲህ ጥርት አድርጋ የቀረፀችው የት ብትሰቅያት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ሰኞ እሷም ከኛ ጋር ትመጣለች፣ የፊት ወንበሩን እትዬ አኩሊና ለቀውላታል።