በርበሬው መሃል የተቀበረው

ለእናቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ብርዱ አልጠናብሽም? የግፊት ክኒንሽን ሳታቋርጪ ትወስጃለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ስልክሽን አላነሳ ስላልኩ መቀየምሽን ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ ወንድምሽን አገናኚኝ ስትዪ ፈረቃ ላይ ነው፣ ተኝቷል እያልኩ ሸኘሁሽ። በድምፄ መናገር ስላቃተኝ ነው የጻፍኩልሽ። ይህን የያዙልሽ አጎቴና የንስሐ አባትሽ ናቸው። በጠዋት ምን አመጣቸው ብለሽ አትደንግጪ፤ አንብበሽ እስክትጨርሺ ዝም ብለው እንዲቀመጡ ለምኛቸዋለሁ።

የወንድሜን የሰረቀብርሃንን ወገብ ነገር አንቺ የምታውቂው ግማሹን ነው። በሚሠራበት ዕቃ ማከማቻ ውስጥ ሲያነሳ ሲያወርድ ተጎዳ፤ ዶክተሩም ክኒን ሰጠው። ክኒኑ የኦፒየም ዘር ነው፤ ያኔ ግን ማንም በዚህ ስም አልጠራውም። መድኃኒት ነበር። ኢንሹራንሱ ይከፍላል፣ ፋርማሲው ፈገግ ብሎ ይሰጣል፣ ሲያልቅ እንደገና ይሞላለታል። ዓመታት እንዲህ ሄዱ። በኋላ መንግሥት ዘመቻ ጀመረ። ክኒኑ አገር ፈጀ ተባለ፤ እውነትም ፈጅቷል። ኩባንያዎች ተከሰሱ፣ ሐኪሞች ፈቃዳችንን እንነጠቃለን ብለው ፈሩ፣ የሰረቀብርሃንም ዶክተር ፈራ። ቀስ በቀስ እንዲቀንስለት ብለምነው፣ ከእንግዲህ አልጽፍለትም፣ የወገብ ስፖርት ይሞክር አለኝ። ያስለመዱት እነሱ፣ የከለከሉት እነሱ፣ ፋይሉ ላይ ሱሰኛ ተብሎ የተጻፈበት ግን የአንቺ ልጅ ነው። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሲቋረጥበት ላብና ብርድ እየተፈራረቀበት፣ የበላው እየወጣ፣ ሥራውን አጣ። ያኔ ነው እኔ ሳላውቅ አንቺ ዘንድ የደወለው። አመመኝ አለሽ፤ ትራማዶል የሚባለውን ማስታገሻ ገዝተሽ በጎረቤትሽ ልጅ በሲንቄ ላክሽ። እናት ምን ታድርግ? ከነካርቶኑ ልከሽው ቢሆን ምናልባት ክኒኑን ወስደውባት ብቻ በቀረ ነበር። አንቺ ግን ሲንቄ የልጅሽን መታመም አይታ ለሰፈሩ እንዳታወራ ብለሽ ከካርቶኑ አወጣሽው፣ በፌስታል ቋጠርሽው፣ በርበሬው መሃል ቀበርሽው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልሽ ያሳደግሽን አንቺው ነሽ።

ሲንቄ አባቷን ቀብራ ነበር የምትመለሰው። ሚኒያፖሊስ ኤርፖርት ላይ ዕቃው የማነው ሲሏት፣ ሁሉም የራሴ ነው አለች። መንገደኛን ሁላችንም የምንመክረው እንደዚያ ነው፤ የሰው ዕቃ ይዣለሁ ካልሽ ያንገላቱሻል እንላለን። ከዚያ በርበሬውን ዘረገፉት። ራሷ የሰጠችውን ቃል በኋላ ማን ይመልስላት? ዉድበሪ ከተማ የምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ከሥራ አሰናበታት፣ የዜግነቷም ጉዳይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ቋጠሮው የእኛ ቤት ዕቃ መሆኑን ለመርማሪው ሄጄ ተናግሬያለሁ፤ ገና እናያለን አሉኝ። ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሰዎች ግን ሳያዩ ፈረዱ። ሐሺሽ አመላላሽ አሏት። ከእሷ ጋር ጸበል የጠጡ ሴቶች ሲያይዋት መንገድ ይቀይሩ ጀመር።

ሰረቀብርሃን ያንን ቋጠሮ እንደ ደመወዝ ቀን ነበር የሚጠብቀው። ሲቀርበት ከመንገድ ገዛ። መልኩም፣ ቀለሙም፣ ላዩ ላይ የታተመው ቁጥርም የድሮው ራሱ ነው አለኝ። እዚህ የመንገድ ክኒን ውስጥ ምን እንደሚቀላቅሉ የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው ብዬ ተቆጣሁት። ሳቀብኝ። አንቺ ደግሞ ከዶክተሩ ትብሻለሽ አለኝ። በዚያ ቀን ከስንት ጊዜ በኋላ ምሳውን ጥርግ አድርጎ በላ፤ ወገቤ ቀለለኝ ብሎ ሶፋው ላይ ጋደም አለ። ብርድ ልብስ ጣል አድርጌበት ሥራ ገባሁ።

በማግስቱ ከሰው ሁሉ ቀድማ ቤቴ የደረሰችው ሲንቄ ናት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ያሟት ሰዎች በኋላ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ዓይኗን ማየት ግን አልሆነላቸውም። የእድሩ ሽማግሌዎች ለአገር ቤት ልቡ ነው እንበል አሉኝ። እምቢ አልኩ። ልቡ ደህና ነበር። ደብቀን ምን ተረፈልን?

ልወቅስሽ አይደለም የጻፍኩት ልል ነበር፤ ውሸት ይሆንብኛል። በአንቺም፣ በዶክተሩም፣ በእሱም ተናድጃለሁ። ንዴቱ ሲበርድ ምን እንደሚተካው ስለማውቅ እንዲበርድልኝም አልፈልግም። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ዛሬ ጎረቤት ሲሰበሰብ የሲንቄ እናት መምጣቷ አይቀርም። ልጇን የሚያሟት እዚያም ደርሰዋል። ቋጠሮው የአንቺ መሆኑን በሰው ፊት፣ በአፍሽ ንገሪያት። እዚህ ሆኜ እኔ ላደርግልሽ የማልችለው ይህን ብቻ ነው።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናው፤ ደግፎ የሚያነሳሽ ሰው አያሳጣሽ። እዚያ ሆኜ ብይዝሽ እንዴት በወደድኩ።

አሁን መነጽርሽን አውልቂና ቀና በይ። አጎቴ ሊነግርሽ የመጣውን ይንገርሽ።

የቀረሁልሽ ልጅሽ