የወይዘሮ ዙሃራ ረሻድ ሕልፈትና በአደራ የተረከብናት ቤርሳቤህ

የተከበሩ የወረዳችን አስተዳደር ተወካይ፣ የተከበራችሁ ሸኾችና ቀሳውስት፣ የእድራችን ሽማግሌዎች፣ የሟች ቤተሰቦችና ጎረቤቶች፤

የልደታ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች እድር የሴቶች ዘርፍ ሰብሳቢ ወይዘሮ ዙሃራ ረሻድ፣ ባደረባቸው ሕመም በዚህ በሰኔ ወር 2017 ዓ.ም. ወደ አኼራ መሄዳቸውን የምናስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው።

ወይዘሮ ዙሃራ ወደ ግቢያችን የገቡት በ2005 ዓ.ም. ሲሆን፣ አብነት ሰፈር በነበራቸው የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ይተዳደሩ ነበር። አራስ ወይም ሕመምተኛ ኖሮ እርሳቸው ያልደረሱበት ቤት አልነበረም።

በ2010 ዓ.ም. ፊት ለፊታቸው ይኖሩ የነበሩት የቤርሳቤህ እናት ሲሞቱ፣ ብቻዋን የቀረችውን የአምስት ዓመት ሕፃን ወስደው እንደ ልጃቸው አሳደጉ። እርሳቸው ሙስሊም ቢሆኑም የእናቷን እምነት አላስረሷትም፤ እሑድ እሑድ አለባብሰው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ያደርሷት ነበር።

በ2012 ዓ.ም.፣ በኮሮና ወቅት፣ በራቸውን ለዘጉ ሕሙማን ምግብ ደጃፋቸው ላይ አኑረው፣ አንኳኩተው ይመለሱ ነበር።

መግለጫችንን እዚህ ላይ ብንዘጋ በወደድን። ይሁን እንጂ በለቅሶው ሁለተኛ ቀን የቤርሳቤህ አጎት ነኝ ያሉ ሰው ከአንድ የቤት ደላላ ጋር ወደ ድንኳኑ መጥተዋል። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ደጃችን ታይተው አያውቁም። ለቅሶ ሳይቀመጡ፣ ገና ቆመው ሳሉ፣ ያስቀደሙት ጥያቄ «የእናቷ ቤት ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?» የሚል ነበር። ቀጥሎም «የእህቴን ልጅ!» እያሉ፣ እያለቀሱ ያቀፉት የጎረቤታችንን የወይዘሮ ሚስራን ልጅ ሪሀናን ነው። ቤርሳቤህ አጠገባቸው ቆማ ለለቀስተኛው ውኃ ታድል ነበር።

በማንም ላይ አንፈርድም። ሰውን ያለ ምክንያት መጠርጠር ነውር ነው፤ ልጅን ሳያጣሩ አሳልፎ መስጠት ግን ከነውርም ይከፋል። ዝምድና አለኝ የሚል ሁሉ በፍርድ ቤት ያረጋግጥ፤ ውሳኔውን እናከብራለን። እስከዚያው ቤርሳቤህ፣ ሟች በሕይወት ሳሉ አደራ ባሏቸው በወይዘሮ ሚስራ ቤት ትቆያለች። አባላት ልጅቱን ለማያውቁት ሰው እንዳያሳዩ፣ ከግቢም ሆነ ከትምህርት ቤት ይዟት ሊወጣ የሚሞክር ቢኖር ወዲያውኑ ለእድሩ ዳኛ ለአቶ ኃይለመለኮት እንዲያሳውቁ በጥብቅ እናሳስባለን።

ለወይዘሮ ዙሃራ አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው፤ ለቤተሰቦቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ሐዘናችንን ለተካፈላችሁ ሁሉ ምስጋናችን የላቀ ነው።

ቤርሳቤህ በሚቀጥለው ሳምንት ለስድስተኛ ክፍል ፈተና ትቀመጣለች። ፈተናው እንዲቀናት እንመኛለን፤ በየዕለቱ አድርሰው የሚመልሷት ሁለት የእድሩ እናቶች ተመድበዋል።