በማርያም ቀን የሚሠራው ማሽን

ላሊበላ፣ ግንቦት

ይድረስ ወልድያ ለምትገኘው ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለሜ

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን የያዘሽ ቁርጥማት ተሻለሽ ወይስ ክረምቱንም አብሮሽ ሊከርም አስቧል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ከብየዳው ብርሃን የተነሳ ዓይኔ አንዳንዴ ያለቅሳል፤ በሌላ ምክንያት ግን እስካሁን አላለቀሰም። ላሊበላም ደህና ናት። አብያተ ክርስቲያናቱ በቦታቸው ናቸው፤ የቀረው እንግዳው ነው።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። በስልክ ስንነጋገር ግማሹን ኔትወርኩ፣ ግማሹን አንቺ ትወስዱታላችሁ፤ ለእኔ የሚተርፈኝ «እሺ» ብቻ ነው። የዛሬውን ግን እስከ መጨረሻው ልናገር ፈለግሁ።

ነገሩ የጀመረው ቅሬያችን፣ የሰፈሩ እድር፣ ቃሬዛ ያዘዘን ጊዜ ነው። መንገድ ከማይደርስባቸው ቀበሌዎች ምጥ የያዛትን ሴት በእንጨት ቃሬዛ ተሸክሞ ማውረድ ተሸካሚውንም ታማሚ እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ። የቅሬው ሊቀመንበር ቄስ ገብረመስቀል «ቀላል፣ የማይዝግ፣ የማይሰበር» ብለው በጣታቸው እየቆጠሩ ከአሉሚኒየም እንድንሠራ አዘዙን። አሉሚኒየም ደግሞ በተራው ብየዳ አይሞከርም። ቧንቧው ስስ ነው፤ ገና ስትነኪው ይቀልጣል። ያን ከኮምቦልቻ ያመጣነውን አሮጌ ፐልስ ማሽን የምንወደውም የምንረግመውም ለዚህ ነው። ፐልስ ማለት፣ እንዳትደክሚ ባጭሩ፣ ኃይሉን ባንዴ አያፈስም፤ እንደ ልብ ምት ከፍ ዝቅ እያደረገ ሽቦውን ጠብታ በጠብታ ይጥለዋል። ጤነኛ ሲሆን እንደ ንብ ቀፎ ያንጎራጉራል፤ ሲታመም እንደ ቆሎ ይንጣጣል። ከገና ወዲህ ሥራው መንጣጣት ሆነ።

የሥራ ክፍፍላችንን ታውቂያለሽ። ሽርካዬ አብዱልሀሚድ በሩንና መስኮቱን በተራው ማሽን ይሠራል፤ ፐልሱ የእኔ ነው። በግዝት ቀንና በእሁድ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስውል እሱ ብቻውን ይገባና ከእኔ የተረፈውን በፐልሱ ይቀጥላል። አርብ እሱ መስጊድ ሲሄድ እኔ እተካለሁ። ሱቁ በሁለት ሃይማኖት ስለሚጠበቅ ተዘግቶ አያውቅም። እንዲህ ሆነን ስንት ዓመት ኖረን ዘንድሮ አንድ ነገር ታየኝ፦ እኔ የበየድኩት ሁሉ ወንፊት ይሆናል፣ እሱ በሚካኤል፣ በማርያም ወይም በባለወልድ ብቻውን የበየደው ደግሞ እንደ ሹሩባ ያምራል።

ይህን ገና ለራሴ እንኳ ሳልናገር ቄስ ገብረመስቀል የመጀመሪያውን ቃሬዛ ሊያዩ መጡ። «እስቲ ልሞክረው» ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተጋደሙበት። ዐቢይ ጾም ነበር፤ ጾሙ ግን ከእርሳቸው ላይ ብዙም አልቀነሰም። አራት ሆነን ስናነሳቸው ቀጭ አለ። መሬት ላይ ተዘርግተው ሰማይ ሰማዩን እያዩ «ምጥ ሳይዘኝ ልታስወልዱኝ ነበር!» አሉ። ተነስተው ጋቢያቸውን ሲያራግፉ ግን አልሳቁም። «እኔ ብወድቅ ብቻዬን ነው። እሷ ስትወድቅ ግን ሁለት ነፍስ ነው የሚወድቀው» አሉና እስከ ግንቦት ልደታ ካላደረስን ሌላ በያጅ እንደሚፈልጉ ነገሩን። የለቀቀው ብየዳ የእኔ ነበር። የአብዱልሀሚድ ወገን ንቅንቅ አላለም።

ያን ቀን ነው የደወልኩልሽ። ያልሽኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ «እጁን ጠብቅ። ማሽን ሰው መርጦ አይበላሽም» አልሽኝ። ደግሞ በገና መጥተሽ ሳለ፣ ያኔ ከሱቃችን ጀርባ ወፍጮውን የተከለው አቶ ሰጠኝ ለሁለተኛ ወፍጮ ቦታ እንደሚፈልግ ነግረሽኝ ነበር። ግቢው ከአባታችን ለአንቺ የደረሰ ነውና «እናንተ ሁለታችሁ ካልተስማማችሁ ሱቁን ለእሱ መልቀቅ ሁላችንንም ይገላግላል» አልሽ። እኔ «ምን አለመስማማት አለ?» ብዬ ሳቅሁ። ለካ አንቺ አርቀሽ ታያለሽ።

ሰውን ከመጠርጠሬ በፊት ግን ማሽኑን ጠረጠርኩ። የጋዙን ቱቦ የሳሙና አረፋ ቀባሁት፤ አላፈሰሰም። ሽቦው የሚያልፍበትን ውስጠኛ ቱቦ ቀየርኩ፣ የቶርቹን፣ ማለትም የመበየጃውን እጀታ፣ ጫፍ ቀየርኩ፣ የመሬት ገመዱን መያዣ እስኪያብረቀርቅ በብረት ብሩሽ ፈተግሁት። ጠዋት ጠዋት፣ ሰፈሩ ሥራ ሳይጀምር፣ ኃይሉን በቴስተር ለካሁ፤ ሙሉ ነው። ወፍጮውንም አልረሳሁትም። ስጠይቅሽ «የሰጠኝ መስመር ከምሰሶው ለብቻው ነው የገባው፤ በወፍጮ አታመካኝ» አልሽኝ። ስለዚህ አላመካኘሁም። ማሽኑ ነጻ ወጣ፤ የቀረኝ ተጠርጣሪ አንድ ሰው ሆነ።

ከዚያ ወዲያ አብዱልሀሚድ የሚያደርገው ሁሉ ማስረጃ ነው። ሲያፏጭ ምን አስደሰተው እላለሁ፤ ዝም ሲል ምን እያሰበ ነው እላለሁ። ከኮን ከተማ ስልክ ተደውሎለት ለማውራት ወደ ውጭ ሲወጣ፣ በቃ ኮን ላይ የራሱን ሱቅ ሊከፍት ነው አልኩ። ኋላ እንደሰማሁት የአክስቱ ላም ጠፍታ ኖሯል። እኔ ግን ላሚቱንም ለጊዜው አላመንኳትም።

በመጨረሻ ወጥመድ አጠመድኩ። የማሽኑን ክዳን ብሎኖች ጫፍ ጫፋቸውን ቀይ ቀለም ነካ ነካ አደረግሁ፤ የከፈተ ሰው ቀለሙን መስበሩ አይቀርም ብዬ። በሚካኤል ማግስት ስገባ ቀዩ ቀለም አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀኝ። እታለም፣ እንደምታውቂው መጽሐፍ አነባለሁ፤ የወንጀሉን ቦታ በሌላ ቀለም አሳምሮ የሚሄድ ወንጀለኛ ግን አንብቤ አላውቅም። ስነግርሽ «ታዲያ አሁንስ ምን ትጠብቃለህ? አስወጣው!» አልሽ። እኔም እሺ አልኩሽ።

ከማስወጣቴ በፊት በዓይኔ ልየው ብዬ የሚያዝያ ማርያም ዕለት ቅዳሴው ሳያልቅ ወጣሁ፤ ይቅር ትበለኝ። ነጠላዬን እንዳጣፋሁ በሱቁ የጎን ቆርቆሮ ቀዳዳ አጮለቅሁ። ፐልሱን ይዟል፤ ማሽኑ እንደ ንብ ያንጎራጉራል። እንዳልሽኝ እጁን ጠበቅሁ። እጁ ይበይዳል፤ ሌላ ያደረገው ነገር የለም። ድንገት ማስኩን አንስቶ ወደ ቀዳዳው ዞረና «ግባ እንጂ ወንድሜ፣ ብርሃኑ ዓይንህን ያጠፋዋል!» አለኝ። ቀዳዳውን ስደፍነው ውስጥ እንደሚጨልም አላሰብኩም ነበር።

ገባሁና የጠረጠርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩለት፤ የቀለሙን ጭምር። አልተቆጣም፤ ግራ ነው የገባው። «አቧራውን ላራግፍለት ከፈትኩት። ቀለሙን ብሎኑ እንዳይላላ የቀባኸው መስሎኝ መልሼ ቀባሁልህ፤ ቀዩ አልቆ ነበር» አለ። ከዚያ «እኔን ለመያዝ ነበር?» አለኝ። ቶርቹንም ዘረጋልኝ። «ዛሬ እኮ ማርያም ናት» አልኩት። «ማርያም ለእኛም ማርያም ናት። ምጥ ለያዛት ሴት በሚሠራ ቃሬዛ እሷ አትቀየምህም» አለኝ።

ነጠላዬን አውልቄ ያዝኩት። ማሽኑ በእኔም እጅ አንጎራጎረ። በማግስቱ ወፍጮው ሥራ ከጀመረ በኋላ እሱ ያዘው፤ በእሱም እጅ ተንጣጣ። አብዱልሀሚድ ማሽኑን ከላይ እስከ ታች አየት አድርጎ «የእናንተን በዓል እየሻረ የሚሠራ ከሆነማ ሰልሟል። እኛ ግን አልሰበክነውም፤ እንዳትቀየሙን» አለ። ስቄ ሳልጨርስ ወፍጮው ቆመ፤ ሰጠኝ ዱቄት ሊጠርግ ነበር። አብዱልሀሚድ ቶርቹን ሲጫን ማሽኑ እንደ ንብ ሆነ። ወፍጮው ተነሳ፤ ማሽኑ መንጣጣት ጀመረ። ሁለታችን ተያየን። የላስታ ሰው በማርያምና በሚካኤል እህል ወፍጮ ቤት አይልክም። ወፍጮው በዓል ያከብራል፤ የእኛ ማሽን የሚድነው ወፍጮው ሲያርፍ ነው።

ቴስተሩን ደገንነው፤ ጠዋት ሙሉ የነበረው ኃይል አሽቆልቁሏል። ለብቻው የገባ መስመር የእኛን ኃይል እንዴት ይበላል ብለን ከቆጣሪው ጀምሮ ገመዱን በእጃችን እየዳሰስን ሄድን፤ የመብራት ሳጥኑ ጎን ደረስን። እዚያ በገና ያመጣሽልን ባለ ሥዕሉ ካላንደር ተሰቅሏል። ትዝ ይልሻል? ጉልበትሽን እያመመሽ በርጩማ ላይ ወጥተሽ «ካልሰቀልኩት» ብለሽ ምስማሩን የመታሽው። ካላንደሩ አሁንም ጥር ላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የገለጠው የለም። አነሳሁት። ከኋላው ግድግዳው ተበስቶ አውራ ጣት የሚያህል ጥቁር ገመድ ከእኛ ሳጥን ተነስቶ ወደ ወፍጮው ያልፋል።

ሰጠኝን ጠራነው። ዱቄት በዱቄት ሆኖ ስለመጣ ፊቱ የነጣው ከድንጋጤ ይሁን ከጤፍ መለየት አልቻልንም። «የግቢው ባለቤት ፈቅዳልኝ ነው። እናንተም የምታውቁ መስሎኝ» አለ። አብዱልሀሚድ እኔን አየኝ፤ እኔ ምስማሩን አየሁ። እኔ እንኳ ሰጠኝ ተሳስቶ ይሆናል ብያለሁ። ቀኑን ሙሉ ወፍጮ ሥር የሚውል ሰው የሰማውንና ያልሰማውን ሊቀላቅል ይችላል።

ልደታ እየደረሰች ስለነበር ቄስ ገብረመስቀል ጋ ሄድን። በመንገድ ላይ አብዱልሀሚድ «ምን ብለን እንንገራቸው?» ሲለኝ «እንዳየኸው ንገራቸው» አልኩት። እሱ ግን «አባ፣ እዚያ ኃይል አነሰን» ብቻ አላቸው። ከሱቁ እንዲወጣ የተመከረበት ሰው የቤታችንን ስም ሲሸፍንልኝ ቆሜ ሰማሁት። ቄሱ የቅሬው ድንኳንና ድስት የሚቀመጥበትን ቤት ከፈቱልን፤ ማሽኑን በጋሪ ገፍተን ወሰድነው።

ቃሬዛዎቹ በልደታ ዋዜማ አለቁ። ቄስ ገብረመስቀል እንደገና ተጋደሙ፤ በዚህኛው ግን አስቀድመው አማተቡ። ንቅንቅ አላለም። ባለፈው ሳምንት ከይምርሐነ ክርስቶስ ወዲያ ካለው ተራራ ፀደይ የምትባል ሴት በአንደኛው ወርዳ ሴት ልጅ ተገላገለች። ቃሬዛው ሲመለስ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። የቱ የእኔ፣ የቱ የአብዱልሀሚድ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ይኸው ነው፣ እታለም። የሱቁን ቁልፍ ከደብዳቤው ጋር ጠቅልዬልሻለሁ። ጠርገን ነው የወጣነው፤ ሰጠኝ ሁለተኛውን ወፍጮ ይትከል። አብዱልሀሚድ «ሰላም በልልኝ» ብሎሻል። አፍጥጬ ሳየው «እህትህ አይደለችም እንዴ?» አለኝ። ካላንደሩንም ግንቦትን ገልጬ መልሼ እዚያው ምስማርሽ ላይ ሰቅዬዋለሁ። የመጪውን ዓመት ስትገዢ ግን ሰፋ ያለውን ምረጪ፤ ወፍጮው ሁለት ሲሆን ገመዱም ይወፍራል።

ጉልበትሽን ማርያም ትማርልሽ። ልጆችሽን አሳድጎ እርስ በርስ ያፋቅርልሽ። ለገና ከመጣሽ ቤቴ እንደ ድሮው ነው፤ በርጩማውም አለ።

እሺ ማለት የለመደው
ታናሽ ወንድምሽ