አረንጓዴዋ ማኪና

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ደምሴ ስማ፤ ባለ ጋራዡ አቶ ተሰማ ዛሬ ዋጋ ቀነሰ። ያችን ጣሊያን ትቶ የሄዳትን፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነውን ትንሽ አረንጓዴ ማኪና ማለቴ ነው። ቀኝ በሯ አሁንም በገመድ ነው የሚታሰረው። «ወንድምህ እያለ ብቀንስላችሁ ምን ነበር» አለኝ። ብናገር አለቅስ ነበር፤ እሱ ፊት ደግሞ አላለቅስም።

ከመተማ ወባ ይዘህ ተመለስክ፣ ሳምንት አልቆየህም። ከቀበርንህ ዛሬ አሥራ አንድ ቀን ሆነ። አጎታችን አያ ወርቁ ከዳባት ለቀብርህ እንደመጣ እኔው ጋ ነው፤ ያንተ መደብ ላይ ይተኛል። ራት ላይ «ያጠራቀማችሁት ብር ለአርባው ተዝካር ይሁን» አለ። ሁለት በግ፣ ጠላ፣ ካህናቱ፣ አገር ምድሩ። ያ ብር የማኪና ነው አልኩት።

«ራስህን ተላጭተህ፣ ጥቁር ለብሰህ፣ ማኪና?»

አዎ።

ችግሩ ብሩ ያለው እሱ ኪስ ውስጥ ነው። የቀብርህ ቀን አስቀምጥልኝ ብዬ የሰጠሁት እኔው ነኝ። ጅል!

ማክሰኞ

ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነበርን፤ አሥራ ሁለትህ ነው። ከሰዓት በኋላ ለምን እሷን እንደመረጥን ጻፍኩ።

ርካሽ ናት።
የምትይዘው ሁለት ሰው ነው፤ እህል ጫንልኝ የሚል ዘመድ አይመጣብንም።
ጣሪያዋ ይታጠፋል።
ቁልቁለት ላይ እንደ ፍየል ትዘላለች።
ለሙከራ የነዳሃት ቀን ስቀህ ስቀህ እንባህ ወረደ።
ጥቅሟ? የላትም።

ለአያ ወርቁ አነበብኩለት። «ለመሳቅ ብሎ ማኪና የሚገዛ ሰው ሰምቼ አላውቅም» አለ። ከዚያ «ደምሴም እንዲህ ብሎ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

«በአፉ ነው ያለው።»

ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበ። በመጨረሻ ፍርዱን ሰጠ፦ አቶ ተሰማ ጋ በዚያው ዋጋ የምትሸጥ ግራጫ ማኪና አለች፤ ኋላዋ ክፍት ነው፣ ጭነት ትችላለች። እሷን ከገዛሁ ዳባት ያለችውን እናታችንን እሱ ያስረዳልኛል። አረንጓዴዋን ካልኩ ግን ብሩን ይዞ ዳባት ይገባል።

ግራጫዋን አልፈልግም። ብሞትም አልፈልግም።

ረቡዕ

ግራጫዋን አየናት። አያ ወርቁ እንደ በሬ ነው ያያት። ዙሪያዋን ዞረ፣ ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ፣ ጎንበስ ብሎ ሆዷን አየ። ጥርሷን ሊቆጥር ነው ብዬ ነበር። አቶ ተሰማ ቁልፉን ገና ሲነካው ተነሳች። «ሸጋ ናት» አለ አጎቴ። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

«ምነው አኮረፍክ?»

«ደምሴ አይወዳትም ነበር።»

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመ። «በሬ ስንገዛ በቀን አይተን አንገዛም። ጎህ ሲቀድ፣ ባለቤቱ ሳያበላው፣ ጨው ሳያልሰው ነው የምንደርስበት። ነገ በጠዋት እንምጣ።»

«ለአቶ ተሰማ ልንገረው?»

«ለባለ በሬ ይነገራል እንዴ፣ አንተ ልጅ!»

ሐሙስ

ደምሴ ምነው በኖርክ!

ገና ሳይነጋ ደረስን። የጋራዡ በር ገርበብ ብሏል። የአቶ ተሰማ ሠራተኛ ተንበርክኮ፣ በብረት ሳህን ፍም ከግራጫዋ ሞተር ሥር አድርጎ ያራግባል! አያ ወርቁ መዳፉን ኮፈኗ ላይ አሳረፈ።

«አቶ ተሰማ፣ ቁርስ ታበስልባታለህ?»

አቶ ተሰማ ከጓዳው እየሮጠ ወጣ። «የጎንደር ብርድ ነው አያ። ጠዋት እምቢ ትላለች፤ ትንሽ ሞቅ ካላለች...»

«አረንጓዴዋንስ ለምን አላሞቅሃትም?»

«እሷን ማን ይገዛታል ብዬ!»

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። «አስነሳት» አለኝ።

ኮፈኗ ላይ ጤዛ አለ። ማዞሪያውን ብረት ፊቷ ላይ ሰክቼ አዞርኩ። ምንም። ደገምኩ፤ ብረቱ አመለጠኝና የጣቴን ቆዳ ላጠው። በሦስተኛው ሳለች። በአራተኛው ተንቀጥቅጣ ተነሳች፤ ጋራዡን በጭስ ሞላችው። አያ ወርቁም አብሯት ሳለ።

«ይች እንኳ ሳትበላ ተነሳች» አለና እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ብታይ! ሦስት ቀን ሙሉ እኔ ላይ ሲያወርደው የነበረውን የእሷን ጉድለት ሁሉ አቶ ተሰማ ላይ አወረደው፦ በሯ በገመድ፣ ሸራዋ ቅዳጅ፣ ወንበሯ የአይጥ ቤት። ዋጋው እንደገና ወረደ። የተረፈውን «ይኸ ለአርባው» ብሎ መልሶ ከተተው።

ወደ ዳባት የሚሄድ የጭነት ማኪና እስከሚቆምበት በእሷ አደረስኩት። የበሩን ገመድ በሁለት እጁ ይዞ «ቀስ! ቀስ!» ይላል። ቁልቁለቱ ላይ ሳቀ፤ አይቼዋለሁ። ቶሎ ብሎ አፉን በጋቢው ሸፈነ።

«በአርባው በእሷ ነው የምመጣው» አልኩት።

«አውቃለሁ። እናትህ ምን እንደምትል ግን አላውቅም።»

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁ። ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ ፊቴን ታጠብኩ፣ የደረቀ ቂጣ ቆሜ በላሁ፣ ደብተሬን ይዤ ወጣሁ።

ፒያሳ ላይ የቀብርህ ቀን ሲያለቅሱልህ የነበሩ ሁለት ሴቶች አዩኝ። አንዷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሌላዋ «ወንድሙን ቀብሮ!» አለች፤ ሰምቻታለሁ። ፍሬን አልያዝኩም። ጣሪያዋን አጥፌያታለሁ፣ የተላጨ ራሴ በረደኝ፣ ጥቁር ሸሚዜ ይውለበለባል። ክላክሱን ሁለት ጊዜ ነፋሁት።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጆቹ ወረሩኝ። አንዱ ገመዱን ይፈታል፣ አንዱ ጎማ ይመታል።

«የማን ናት?» አሉኝ።

የእኔና የደምሴ ልል አፌን ከፈትኩ። ሁሉም ይጠብቁኛል።

«የኔ ናት» አልኩ። ደግሜ ጮክ ብዬ አልኩት።