ግንባራቸው ስለተቆረጠው ኃላፊና ስለታሸገው ሱቄ

ሰኔ 13 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአቤቱታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደሴ

አመልካች፦ ከይሪያ ሀምዱ፣ የዲሽና የቴሌቪዥን ጥገና ባለሙያ፤ አድራሻ ደሴ፣ ሸዋ በር

ተጠሪ፦ አቶ ሸዋዓለም ተሰማ፣ የሕዝብ መልእክት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ያለ በቂ ምክንያት የታሸገው ሱቄ እንዲከፈትልኝ፣ ያላጠፋሁትንም ጥፋት በአደባባይ እንድናዘዝ የሚደረግብኝ ግፊት እንዲቆም ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህን አቤቱታ የምጽፈው በረመዳን ነው፤ በጾም አፌ አልዋሽም። ባልጾምም አልዋሽም ነበር። ነገር ግን ተጠሪው በስብሰባ ላይ «እሷ ለማምለጥ የማትለው ነገር የለም» ብለው ስለተናገሩ፣ ቃሌን በምን ሁኔታ ላይ ሆኜ እንደምሰጥ ከመነሻው እንዲያውቁልኝ ፈለግሁ።

የተወለድሁት ደሴ ነው። በኤሌክትሪክ ምሕንድስና በዲግሪ ተመርቄአለሁ። ከተመረቅሁ በኋላ ሁለት ዓመት የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ስቆም ኖሬ፣ በመጨረሻ በአንድ የወጣቶች ስብሰባ ላይ «መንግሥትን ሥራ ከመጠየቅ ሥራ ፍጠሩ» ሲባል ሰምቼ የጥገና ሱቅ ከፈትሁ። ያን ቀን መድረኩ ላይ ቆመው ሥራ ፍጠሩ ያሉን አቶ ሸዋዓለም ነበሩ። ያን ቀን ግንባራቸው ሙሉ ነበር።

የነገሩ አመጣጥ እንደሚከተለው ነው።

1. የተጠሪው ጽሕፈት ቤት ኮምቦልቻ በቦርከና ዳር ላለው የወጣቶች ማዕከል ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝቶ ነበር። ቴሌቪዥኑ ከተሰቀለ በኋላ በዓሉን የሚያስተላልፈው ጣቢያ ድምፅ እንጂ ምስል አልሰጥ አለ። ጽሕፈት ቤቱ በመጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ጠረጠረ፤ ቀጥሎ ዲሹን ጠረጠረና ጣሪያ ላይ ሰው አውጥቶ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አስዞረው፤ የነበረውም ድምፅ ጠፋ። እኔ የተጠራሁት ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ሳየው የታመመው ቴሌቪዥኑም ዲሹም አልነበረም። ጣቢያው ወደ ኤችዲ፣ ማለት ጥራቱ ከፍ ወዳለ ስርጭት ተዛውሯል፤ የማዕከሉ ሪሲቨር ደግሞ አሮጌ ስለሆነ የኤችዲ ምስል መፍታት አይችልም። ዲሹን ወደ ቦታው መልሼ፣ ሪሲቨሩን በኤችዲ ለውጬ፣ ምስሉ ጥርት ብሎ ሲመጣ አስረከብሁ። ይህን ተጠሪውም አይክዱም።

2. ቴሌቪዥኑ እንዳይሰረቅ ተብሎ ከነሪሲቨሩ በብረት ፍርግርግ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። መብራት የሚሰጠውም የሚነሳውም ከግድግዳው ሶኬት ነው። ሪሞቱ ደግሞ «ተነቃናቂ ንብረት ነው» ተብሎ የንብረት ክፍል ሠራተኛ የሆኑት አቶ ምንይሉ ወደ ደሴ ወስደው መሳቢያቸው ውስጥ ቆልፈውበታል። እንግዲህ ቴሌቪዥኑ ኮምቦልቻ፣ ሪሞቱ ደሴ መሆኑን ክቡርነትዎ በዚህ ቦታ ላይ እንዲይዙልኝ እለምናለሁ። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነው።

3. ርክክቡ በተደረገበት ቀን አቶ ሸዋዓለም ሊጎበኙ መጡ። ያኔ ይታይ የነበረው የእርሻ ፕሮግራም ነው። በአሮጌ ካሜራ የተቀረጸ በመሆኑ ምስሉ ወደ አራት ማዕዘን የቀረበ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ግን በጎኑ ሰፊ ነው። ስለዚህ በግራና በቀኝ ጥቁር ቦታ ይቀራል። ይህ ብልሽት አይደለም። ትንሽ አንሶላ ሰፊ አልጋ ላይ ሲነጠፍ ዳር ዳሩ እንደሚቀር ማለት ነው። ተጠሪው ግን ጥቁሩን አይተው «እኛ የገዛነው ሙሉ ስክሪን ነው፤ ግማሹ ለምን ሐዘን ይለብሳል? ይሙላ» አሉ።

በትሕትና አስረዳኋቸው። ምስሉ በግድ ይሙላ ከተባለ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ወይ ወደ ጎን ይለጠጣል፣ ያኔ ሰው ሁሉ አጭርና ወፍራም ይሆናል፤ ወይ በዙም ይጎላል፣ ያኔ ከላይና ከታች ይቆረጣል። «እንዳለ ይተውት፤ ጥቁሩ ማንንም አይጎዳም» አልኋቸው። እሳቸውም በሰው ፊት «እኔ ትምህርት ቤት አልመጣሁም» አሉኝ። ሪሞቱን አስቀመጥሁ። አቶ ምንይሉ አነሱት፤ እየተጫኑ እየተጫኑ ሄደው ዙም ላይ ሲደርሱ ስክሪኑ ሞላ። እዚያው የሚታየው በሬ ቀንዱ ጠፋ። «ጌታዬ፣ ይኸው ቀንዱ ተቆረጠ» ብዬ ጠቆምኋቸው። የአቶ ሸዋዓለም መልስ «የበሬ ቀንድ ለማን ይጠቅማል? አሁን አማረ» የሚል ነበር። የማዕከሉ ጥበቃ ሠራተኞች ቆመው ሰምተዋል። ሪሞቱ በዚያው ቀን ከአቶ ምንይሉ ጋር ደሴ ወጣ።

4. ግንቦት 20 ቀን የበዓሉ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከከተማውም ከገጠሩም ሰው ተጠርቷል። እኔም ሥራዬን ለማየት ሄጄ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ተጠሪው ከሳምንት በፊት የሰጡት ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ እሳቸው ራሳቸው የፊት ወንበር ላይ ነበሩ። ቃለ መጠይቁም በዚያው በአሮጌው ዓይነት ካሜራ የተቀረጸ ነው፤ ካሜራውም ፊታቸው ድረስ ተጠግቷል። የሆነው የበሬው ነገር ነው። ከቅንድባቸው በላይ ያለው ተቆረጠ። ከታች ደግሞ ስማቸውና ኃላፊነታቸው የተጻፈበት መስመር አብሮ ወደቀ።

ሳቅ መጣ። እኔ አልሳቅሁም፤ የሳቀውን ሕዝብ ግን ልወቅስ አልችልም። ከደሴ ዙሪያ የመጡ ጋሽ አባይ የተባሉ ሽማግሌ አጠገባቸው ያለውን ሰው «ይኸ ሰውዬ ማነው? ባርኔጣውን ነው የደበቁበት ወይስ የሚያደርግበትን?» ብለው ጠየቁ። ሌላው «አብሽር ጋሼ፣ ቀሪው ከዜና በኋላ ይመጣል» አላቸው። ከዚያ በኋላ ንግግሩን የሰማ ሰው አልነበረም።

ተነስቼ ወደ አቶ ምንይሉ ሄድሁ። «ሪሞቱን ይስጡኝ፤ አንድ ጊዜ ተጭኜ ልመልሰው» አልኋቸው። ላብ አጥምቋቸው ኪሳቸውን ዳበሱና ቁልፍ አወጡ። «የመሳቢያው ቁልፍ ይኸውልሽ፤ መሳቢያው ግን ደሴ ነው» አሉኝ። ከደሴ ሚኒባስ ይዞ የሚመጣ ሰው ቢላክ እንኳ ቃለ መጠይቁ ያልቃል። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ እንዳይባል ኃላፊው በራሳቸው ላይ መብራት አስጠፉ ይባላል። ስለዚህ አቶ ሸዋዓለም ግማሽ ፊታቸውን እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለው አዩት። ሲወጡ በአጠገቤ አለፉና «ታውቂያታለሽ» አሉኝ።

5. ሰኞ ሱቄ ታሸገ። በሱቄ በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ «በሕዝብ በዓል ላይ የኃላፊን ምስል ሆን ብላ በማጉደል» ይላል። ቀጥሎም «ከፀረ ሰላም ኃይሎች ጋር ያላት ግንኙነት እየተጣራ» ይላል። እኔ ግንኙነት ያለኝ ከዲሽ፣ ከኬብልና ከሪሲቨር ጋር ነው። በሥራዬ ምክንያት ሰው በቤቱ የትኛውን ጣቢያ እንደሚያይ አውቃለሁ፤ የአንዳንድ ኃላፊዎችን ቤት ጨምሮ። ይህን ግን አልጽፍም። የደንበኛን ሳሎን ይዞ መውጣት የሙያዬ ወግ አይደለም።

በማሸጊያው ውስጥ የተቆለፈው የእኔ ዕቃ ብቻ አይደለም። ለጥገና የተቀበልሁት የሰው ንብረት አለ። ወይዘሮ ወለተ ማርያም የተባሉ እናት ከቦሩ ሜዳ በሚኒባስ እየተመላለሱ በታሸገው በር ላይ ይቆማሉ። «ልጄ፣ አንቺ አጥፍተሻል አልልም፤ አላውቅም። የእኔ ሪሲቨር ግን ማንን ሰደበ?» ብለውኛል። መልሱ ያለው እርስዎ ዘንድ ነው። ሌሎቹ ደንበኞቼ እንደ እሳቸው ጨዋ አይደሉም፤ ሌባ የሚል ቃል በገዛ ሰፈሬ ሰምቻለሁ።

6. ቀጥሎ የመጣው ከማሸጉ የባሰ ነው። በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ግለ ሂስ እንዳቀርብ ታዘዝሁ። ማለት፣ ሕዝብ ፊት ቆሜ ግንባራቸውን የቆረጥሁት አስቤበት እንደሆነ ተናግሬ ይቅርታ ከጠየቅሁ ሱቁ ይከፈታል። ካልጠየቅሁ ፈቃዴ ይሰረዛል። የተላኩብኝ አቶ ምንይሉ ነበሩ። በማፍጠሪያ ሰዓት ቤታችን መጡ። እናቴ መዲና እንግዳ ከበር አትመልስምና ተምር አቀረበችላቸው። ተምሩን በእጃቸው ይዘው ሳይበሉ ቆዩና «ከይሪ፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ። አንቺ ወጣት ነሽ፤ ሁለት ቃል ተናግረሽ ብትገላገይስ?» አሉኝ።

«ጋሽ ምንይሉ፣ ሪሞቱን የተጫነው ማነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«ያዘዘዎትስ?»

ተምሩን ሳህኑ ላይ መለሱት። እናቴ ግን የተናገረችው ቃል ስላለ ልመዝግበው፦ «ልጄ ያልሠራችውን ሠራሁ ካለች፣ ነገ የሠራችውን አልሠራሁም ብትል ማን ያምናታል? ይብሉ፣ ቤት አፍርሰው አይሂዱ።» እናቴ ትምህርት ቤት አልገባችም። እኔ ዲግሪ ይዤ ከዚህ የተሻለ መከላከያ አላገኘሁም።

በአቶ ምንይሉ ላይ ክስ የለኝም። የታዘዙትን አደረጉ፤ ፈሩ። እውነቱን በፊትዎ እንዲናገሩ እንጂ እንዲቀጡ አልጠይቅም።

7. አሁን ወደ ዋናው ማስረጃዬ እመጣለሁ። የአውሮፓ ዋንጫ ከተጀመረ ወዲህ የማዕከሉ ወጣቶች ኳስ የሚያዩት በዚያው ቴሌቪዥን ነው። ሪሞቱ ዛሬም ደሴ ስለሆነ ዙሙ እንዳለ ነው። ውጤቱ የሚጻፈው በስክሪኑ ጥግ ከላይ ስለሆነ ተቆርጦ ማን እየመራ እንደሆነ አይታይም፤ ጎል ሲገባ እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ይዞ ይጣላል። ባለፈው ሐሙስ አቶ ሸዋዓለም በገዛ ስልካቸው ደወሉልኝ። ቃላቸው ይህ ነው፦ «ወጣቱ እያስቸገረ ነው። ነይና አስተካክይው፤ የሱቁን ነገር ኋላ እንነጋገራለን።»

ክቡር ሆይ፣ ይህን በጽሞና እንዲመለከቱልኝ እጠይቃለሁ። ሱቄ ከታሸገ ጀምሮ እጄ ያን ቴሌቪዥን አልነካም፤ ምስሉ ግን ዛሬም እየተቆረጠ ነው። እንግዲህ የሚቆርጠው ማነው? ደግሞስ፣ እኔ አስቤበት የኃላፊን ፊት የማጎድል ፀረ ሰላም ከሆንሁ፣ ያንኑ ቴሌቪዥን ለእኔው አደራ መስጠት ምን የሚሉት ጥንቃቄ ነው? ወይ ጥፋተኛ ነኝ፣ እንግዲያው አይጥሩኝ፤ ወይ ባለሙያ ነኝ፣ እንግዲያው ሱቄን ይክፈቱ። በስልክ ባለሙያ፣ በማስታወቂያ ወንጀለኛ ልሆን አልችልም። አልሄድሁም። በታሸገ ሱቅ የተከፈተ እጅ የለኝም ብዬ ስልኩን ዘግቻለሁ። ይህ ድፍረት ከተባለ ድፍረቱን እቀበላለሁ፤ የምቀበለው እሱን ብቻ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው፦

ሀ. ሱቄ ሳይውል ሳያድር እንዲከፈት፤ ቢያንስ የወይዘሮ ወለተ ማርያምና የሌሎች ደንበኞቼ ንብረት በዛሬው ቀን ወጥቶ እንዲመለስላቸው፤

ለ. በሱቄ በር ላይ የተለጠፈው ስም ማጥፋት በለጠፈው ሰው እጅ እንዲነሳ፤

ሐ. ግለ ሂስ ተብሎ የተጠየቅሁት እንዲቀር። እኔ ሂስ አልጠላም። ሂስ የሚያቀርብ ካለ ግን ሪሞቱ በማን ትእዛዝ እንደተጫነ በማስታወስ ይጀምር፤

መ. ክቡርነትዎ የሚመርጧቸው ሰዎች ባሉበት ማዕከሉ አዳራሽ ውስጥ ፈተና እንዲደረግ። የተጠሪው ቃለ መጠይቅ ቅጂ ይቀርባል፣ ሪሞቱ ከመሳቢያው ይወጣል፣ እኔም አንዲት ቁልፍ እጫናለሁ። ግራና ቀኙ ይጠቁራል፤ ግንባራቸው ይመለሳል፤ ስማቸውና ኃላፊነታቸውም ከታች ይነበባል። ያ ካልሆነ የንግድ ፈቃዴን በዚያው ቦታ ለእርስዎ አስረክቤ እወጣለሁ፤ ግለ ሂሱንም ያን ጊዜ ቆሜ አነባለሁ። ከሆነ ግን ስክሪኑ ይሙላ ያሉት ሰው በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት ይናገሩ።

እስከዚያ ድረስ አንዲት መስመር አልፈርምም።

ለጽሕፈት ቤትዎ ከሚገባው ሰላምታ ጋር፣

ከይሪያ ሀምዱ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለአቶ ሸዋዓለም ተሰማ፣ ሙሉውን ገጽ እንዲያነቡት
ለአቶ ምንይሉ፣ ንብረት ክፍል፣ በፈተናው ቀን ቁልፉን ብቻ ሳይሆን ሪሞቱንም ይዘው እንዲመጡ