ቅቤ የቀባሁት ሞተርህ

ልጄ አስናቀ፣ የሆዴ፣

ወባ ከእቅፌ ከወሰደችህ ወዲህ ሁለተኛው ክረምት ገባ። የፎገራ ሜዳ እንደ ልማዱ ውሃ ተኝቶበታል። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህና፣ ቢዘገይም በገዛ እጄ ልጻፍልህ ብዬ ነው።

ቡሬዋ ላም ወልዳለች። ቁሐር ቀበሌ ያለው መሬታችን ዘንድሮ ሩዝ ተዘራበት። ሞተርህን ግን ማንም አልነካብህም። ከደብረ ዘይት አውሮፕላን ጥገና ተምረህ ስትመለስ ያመጣኸውን፣ በእንጨት ለጀመርካት፣ ከመሬት ሆነው በሬዲዮ ለሚያበሯት ትንሽ ጄት ያሰብከውን ማለቴ ነው። እንዳይዝግብህ ለጋ ቅቤ ቀብቼ፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

እውነቱን ልንገርህ፣ እቀናበት ነበር። ሞተሩ ሲያስል ከማዕድ ብድግ ትላለህ፤ እኔ ሳስል «ማር ላሺ፣ እምዬ» ብለህ ታልፋለህ። ከሱ የባሰችብኝ ግን እጮኛህ ስንዱ ናት። ከሞተሩ ጋር የተገጠመው ቧንቧ ውስጥ የሚዞረው ማራገቢያ ግድግዳውን እንዳይነካ ግንባር ለግንባር ገጥማችሁ ስትለኩ፣ እኔ በር ላይ ሆኜ ጉሎ እወቅጥ ነበር። ዘይቱ ከነዳጁ ጋር ይቀላቀላልና የኔ ድርሻ እሱ ነው። ነዳጅ የምታሳልፈዋን ብሎን ለስንዱ ትተውላታለህ፤ እኔ እጄን ስዘረጋ «ተይ፣ ይቆርጥሻል»።

ባለፈው ቅዳሜ መጣች። ጄቷን ጨርሻታለሁ፣ ውሃው ሲሸሽ ሜዳው ላይ ላብርራት፣ ሞተሩን ይስጡኝ አለች። የልጄን ድምፅ ለሰው አልሰጥም አልኳት። አልተቆጣችም።

«እንግዲያው እማማ፣ አንድ ጊዜ እዚሁ ላስነሳውና ይስሙት።»

ሣጥኑን ከፈትኩላት። ቅቤው እንደ ሰም ደርቆ ማራገቢያውን ቀጥ አድርጎ ይዞታል። «ሙሽራ ነው እንዴ እንዲህ የቀቡት!» አለች። ተናድጄ ሳለሁ ሳቄ አመለጠኝ። በቤንዚን አጠበችው፣ ጣውላ ላይ አሰረችው። የተረፈችኝን የጉሎ ዘይት ሰጠኋት።

ተነሣ። መጀመሪያ እንደ ሽሮ ወጥ ተንተከተከ። ስንዱ ጆሮዋን ሰጥታ ብሎኗን ትንሽ ስትዘጋት ድምፁ ቀጠነ። አንተ ትሰማው የነበረውን እሷ ትሰማለች። ቅናቴን ፊቴ ላይ አንብባው መሰለኝ፣ እጄን ይዛ ብሎኗ ላይ አኖረችው። ጥቂት አዞርኩ። ቧንቧው ዘለግ አድርጎ ጮኸ። ቡሬዋ ገመዷን በጥሳ ሸሸች። የጉሎው ጢስ ግቢውን ሞላው፤ ሸሚዝህን ያሸተትኩ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ብሎኗን አጥብቄ ስዘጋት ጊዜ ሞተሩ ቀጥ አለ።

«አይዞዎት፣ እሱም ሁልጊዜ እንዲህ እያጠበቀ ነበር የሚያጠፋው» አለችኝ።

ይህን አላውቅም ነበር። ለኔ ስኬትህን ብቻ እያሳየህ፣ ስትሳሳት ያየችህ እሷ ናት። ለዚህም ቀናሁባት።

ሞተሩን ሰጠኋት፣ ልጄ። ቅናቴ አለቀ ግን እንዳትል። ከኔ በቀር ማንም ጉሎ እንዳይወቅጥላት አስምያታለሁ። ዘይቱ ባለቀ ቁጥር እኔ ዘንድ ትመጣለች፤ ስለ አንተ የማላውቀውን አንድ ነገር ሳትነግረኝ ጠርሙሱን አልሞላላትም። በጓሮ ጉሎ ጨምሬ ተክያለሁ። ሙቀጫውን ማንሳት እስኪያቅተኝ ድረስ፣ ካቃተኝም በኋላ፣ ከልቤ አትወጣም።

እናትህ