አባዬ ሱባኤ ገብቷል

እሑድ

አይነገረውም ተባለ። በቃ። ጋሼ ደምሴ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆመው ፈረዱ፣ እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች፣ እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ነው አሁን የሚያንገበግበኝ።

ነገሩ እንዲገባኝ ልጻፈው እስቲ። አባዬን ትናንት ቤት ውስጥ ስትሮክ ጣለው። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም። ወንድሜ ናሆም ፖላንድ ነው፣ ቅርጫት ኳስ ይጫወታል፣ ሴንተር ነው፣ ቅርጫቱ ሥር የሚቆመው ረጅሙ። ክለቡ ሁለት ጨዋታ ይቀረዋል፣ ረቡዕና ቅዳሜ። ሁለቱንም ካሸነፉ አንደኛ ዲቪዚዮን ይቆያሉ፣ የናሆም የሁለት ዓመት ውልም ይጸናል። አንዱን ከተሸነፉ ክለቡ ይወርዳል፣ ውሉም አብሮ ይቀደዳል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱን ሁለቴ ኦፕራሲዮን ሆኗል። ከዚህ በኋላ ማን ይወስደዋል?

ጋሼ ደምሴ የእማዬ ወንድም ናቸው። እዚህ አሜሪካ፣ ሮክቪል ቁጭ ብለው የዘመዱን ሁሉ መርዶ የሚያቅዱት እሳቸው ናቸው፤ ማን ይሂድ፣ ማን በሩን ያንኳኳ፣ ስንት ሰዓት ላይ። "ልጁ ጨዋታ ላይ ነው። እኔ ኮል ሳላደርግላችሁ ማንም እንዳይነግረው" አሉ። አባዬ እኮ አልሞተም ብላቸው ድምፅሽን ቀንሺ አሉኝ።

ሰኞ

አባዬ ዛሬ ተናገረ! አፉ ተጣሞ፣ ቃሉ እየተንሸራተተበት፣ ግን ተናገረ። መጀመሪያ ውሃ አለ። ቀጥሎ "ናሆምን ጥሩልኝ" አለ።

ማናችንም አልተያየንም። ጋሼ ደምሴ ጎንበስ ብለው "እየመጣ ነው፣ መንገድ ላይ ነው" አሉት። እማዬም "አዎ፣ እየመጣ ነው" አለች። እኔም ብርድ ልብሱን እያስተካከልኩ "እየመጣ ነው አባዬ" አልኩ። ፊቱ ሲፈታ አየሁት። አመነን።

ከምሳ በኋላ ናሆም በቪዲዮ ደወለ። እማዬ ስልኩን ይዛ ወደ ካፌቴሪያው ሮጠች፣ ጀርባዋ ሆስፒታል እንዳይመስል። አባዬ የት ነው? ስልኩ ለምን ዝግ ነው? እማዬ፣ ውሸት የማይሆንላት ሴት፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ "ሱባኤ ገብቷል" አለችው። "ቨርጂኒያ ካለው ገዳም። ላንተ ሊጸልይልህ ነው። እዚያ ስልክ አይያዝም።" ከየት አመጣችው? ሁዳዴ ነው፤ በሁዳዴ ሱባኤ የገባን ሰው ማን ይጠረጥራል! ናሆም ዓይኑ እንባ ሞላ። "ፎር ሚ?" አለ። ስልኩ ወደ እኔ ሲዞር፣ እውነት ነው? አለኝ። እውነት ነው አልኩት።

ማክሰኞ

ሁለተኛ ስትሮክ። ዛሬ ጠዋት። አሁን አይናገርም፣ ዓይኑንም አይገልጥም። ዶክተሯ ቀስ ብላ ነው የምታወራው፤ ቀስ ስትል ነው የፈራሁት።

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ሥራዬ ሄጄ ነበር፤ የጥርስ ክሊኒክ ሪሴፕሽን ነኝ። ሰው ሁሉ እንዴት ነሽ ሲለኝ በእንግሊዝኛ ጉድ፣ ጉድ። አፌ ውሸት ለመደ። ለአንዲት ታካሚ ቀጠሮ ስይዝ በስሟ ፋንታ የአባዬን ስም መዘገብኩ። ማናጀሯ አይታኝ ሂጂ፣ ወደ ቤትሽ ግቢ አለችኝ። ስመለስ የወንዙ ድልድይ ላይ ትራፊኩ ቆሞ ስለነበር መኪናዬ ውስጥ እንደ ልቤ ጮህኩ። አጠገቤ የነበረው ሾፌር አየኝና መስኮቱን ዘጋ።

ስለ ናሆም ሳስብ ዋልኩ። ኮሌጅ ሲጨርስ እዚህ አገር የወሰደው የለም። ሃንጋሪ፣ ቡልጋሪያ፣ ፊንላንድ፣ ደግሞ ቡልጋሪያ፣ አሁን ፖላንድ። የሄደበት አገር አልጋ ሁሉ አጭር ነው፤ እግሩ ሥር ወንበር ቀጥሎ ነው የሚተኛው። አንዱ ክለብ በመሃል ፈረሰ፣ ሌላው ጉልበቱ ሲጎዳ በኢሜይል አሰናበተው። አባዬ ልጅህ ምን ይሠራል ሲባል "አውሮፓ ዘበኛ ነው፣ ቅርጫት ይጠብቃል" ይላል። አንድ የግሪንቤልት እንግዳ የእውነት መስሎት "አይዞህ፣ ቀስ እያለ የተሻለ ሥራ ያገኛል" ብሎ አጽናንቶት ያውቃል። አባዬ ይህን ባወራ ቁጥር እንባው እስኪመጣ ይስቃል።

ይስቃል ብዬ ጻፍኩ። ልተወው።

ረቡዕ

ጨዋታው እዚህ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ስልኬን አባዬ ትራስ አጠገብ አቆምኩት። ጋሼ ደምሴ በሽተኛ አይረበሽም ብለው ተቆጡ፤ ቆይተው ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ከኋላዬ ተቀመጡ።

ፖላንድኛ ማን ያውቃል። ከዚያ ሁሉ ጩኸት የሚገባን አንድ ቃል ነው፤ ታደሰ። ናሆም ማሊያው ጀርባ ላይ ያለው የአባዬ ስም ነዋ። እዚህ ደግሞ ነርሶቹ አባዬን በአያቴ ስም ነው የሚጠሩት፤ ሚስተር ወልዴ፣ ሚስተር ወልዴ፣ ይሰሙኛል? እሱ መቼ ወልዴ ሆኖ ያውቃል!

ሦስተኛው ኳርተር ላይ ናሆም ከሁለት ሰው በላይ ዘሎ ኳሱን ሰካው። አዳራሹ በሙሉ ታደሰ፣ ታደሰ፣ ታደሰ ማለት ጀመረ። አባዬ ዓይኑን ገለጠ። ገለጠ! ግራ እጁ አንሶላውን ጨበጠ። እማዬ እልል ልትል ስትል አፏን ያዝኩት። ነርሷ ሮጣ ስትደርስ መልሶ ከድኖት ነበር። እኛ ግን አይተናል፣ ሦስታችንም አይተናል።

አሸነፉ። ሲያበቃ ናሆም ላይ ማይክ ደቅነው በእንግሊዝኛ ጠየቁት። አባቴ ገዳም ገብቶ ስለ እኔ እየጸለየ ነው፣ ዛሬ የተጫወተው እሱ ነው አለ። እያለቀሰ። ጋሼ ደምሴ መነጽራቸውን አውልቀው "አያችሁ? ብንነግረው ኖሮ እንዲህ ይጫወት ነበር?" አሉ። የሚገድለኝ ይኸው ነው፤ ውሸቱ ሠራ።

ሐሙስ

የናሆም ቃለ መጠይቅ ቪዲዮ ሲልቨር ስፕሪንግን አዳርሷል። ሆስፒታል መሆናችንን ማንም ስለማያውቅ ከቤተ ክርስቲያን ለእማዬ እየደወሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይሏታል። አንዷማ የትኛው ገዳም ነው፣ እኔም ልጄ ፈተና አለበት አለቻት። እማዬ ስልኳን አጥፍታ ቦርሳዋ ሥር ቀበረችው። "በጾም ምድር፣ በገዳም ስም" እያለች ደረቷን ትመታለች።

ዶክተሯ ጠራችን። ሊያየው የሚፈልግ ሰው ካለ አሁን ይምጣ አለች። ቀን አልቆረጠችም።

ኮሪደሩ ላይ ተጣላን። ዛሬውኑ እንንገረው አልኩ። ጋሼ ደምሴ ቅዳሜ እኮ ሩቅ አይደለም አሉ። አባዬ ቅዳሜን ባያገኝስ? "የልጁን እንጀራ እንዳትነኩ ብሎኛል" አሉ። መቼ ነው ያለዎት? ዝም። እማዬ መሃላችን ገባች። "አባቱንም ሥራውንም ባንድ ቀን ልውሰድበት?" አለችኝ። ይህንን ምን ብዬ ልመልስ? የእሷም ፍርሃት እውነት ነው፤ ሁላችንም የምናወራው እውነት ነው፣ አባዬ ግን እየሄደ ነው።

"ከነገርሽው አጎት የለኝም በይ" አሉኝ። እሺ አልኳቸው። እሺ ያልኩት ምኑን እንደሆነ ለራሴም አልገባኝም።

ዓርብ

ነገርኩት።

ክሊኒኩ ፓርኪንግ ላይ፣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ፣ በቪዲዮ። ከልምምድ መውጣቱ ነበር፤ ፀጉሩ እርጥብ ነው፣ እየሳቀ "ሰኑ!" አለኝ። አባዬ ገዳም አይደለም አልኩት። ሆስፒታል ነው። ስትሮክ ነው። ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ። በአማርኛ ነው የነገርኩት፤ በእንግሊዝኛ ከጀመርኩ የዶክተር ወሬ ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ።

አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። "ሲንስ ሳተርዴይ" አለ። ደገመው። ረቡዕ ያ ሁሉ ሰው ፊት ሳለቅስ ታውቂ ነበር? አዎ። ማሚስ? አዎ። ዘጋው።

ከዚያ ብደውል፣ ብደውል አያነሳም። ሆስፒታል ሄጄ ለእማዬ ስነግራት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ጋሼ ደምሴ ኮታቸውን አንስተው ወጡ። ምን አደረግሁ? አባቱን በሕይወት ሳያገኘው ቢቀር፣ ክለቡም ቢወርድ፣ ሁለቱንም ያሳጣሁት እኔ ነኝ።

አሁን ቴክስት መጣ። ነገ ይነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ደለስ ኤርፖርት ይደርሳል። አሠልጣኙ ሂድ ብሎታል። የክለቡ ፕሬዚዳንት ግን ከሄድክ ውሉን እርሳው ብሎታል። ከታች "እንዲጠብቀኝ ንገሪው" ይላል። አባዬ ጆሮ ሥር ሄጄ ነገርኩት።

ቅዳሜ

ይተነፍሳል። በትንፋሽና በትንፋሽ መሃል ያለው ጊዜ እየረዘመ ነው፤ እኔም አብሬው ትንፋሼን እይዛለሁ።

ጨዋታውን ከፈትኩት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ናሆም አውሮፕላን ላይ ነው። እሱ ቦታ አንድ ቀጭን ሰው ቆሟል፣ እንደፈለጉ በሥሩ እየገቡ ያገቡበታል። በአራት ነጥብ ተሸነፉ። ተመልካቹ አልወጣም፣ ባለበት ተቀምጦ ቀረ። በቃ፣ ክለቡ ወረደ። ስንት ዓመት ባጭር አልጋ ተኝቶ ያገኛትን አንዲት ዋስትና በአንድ ስልክ አጠፋኋት። እማዬ እንዴት ሆኑ አለችኝ። አላለቀም አልኳት። ይኸው እንደገና ዋሸሁ።

ኤርፖርት ማን ይሂድ እያልን ጋሼ ደምሴ ደወሉ፣ ለእማዬ እንጂ ለእኔ አይደለም። መንገድ ላይ ነኝ፣ ልጁን የማመጣው እኔ ነኝ አሉ።

እሑድ

ናሆም ደረሰ። አባዬ ጠበቀው።

ትናንት የክለቡን ቱታ እንደለበሰ በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ። እማዬ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ደግፎ አነሳት። ጋሼ ደምሴ ከኋላው ሻንጣውን ይዘው ቆመዋል፣ ዓይናቸው ቀልቷል፤ መንገድ ላይ ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም። "ሁላችሁም ውጡልኝ" አለ፣ በአማርኛ። ወጣን፣ እማዬም ጭምር።

በመስታወቱ አየሁት። ተንበርክኮ እንኳ ከአልጋው ይረዝማል። አፉን አባዬ ጆሮ ላይ አድርጎ ብዙ ነገር ተናገረ። አባዬ ዓይኑን ይግለጥ አይግለጥ ከቆምኩበት አይታየኝም።

ሲወጣ እኔን ብቻ ወደ ጥግ ጠራኝ። የጨዋታውን ነገር አላነሳም፤ ስልኩ ላይ አይቶታል። "ጠይቆኝ ነበር?" አለ።

መዋሸት እችል ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሠልጥኜበታለሁ። ከመጀመሪያውም መናገር አልቻለም ብዬ ብነግረው ያምነኛል፣ ትንሽም ይቀልለዋል።

"ሰኞ ዕለት" አልኩት። "ናሆምን ጥሩልኝ አለ።"

"ምን አላችሁት?"

"እየመጣ ነው አልነው።"

ግድግዳውን ተደገፈ። ይመታኛል ብዬ አሰብኩ፣ ወይም ያቅፈኛል። ሁለቱንም አላደረገም። ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ።

"እሺ" አለ። "ይኸው መጣሁ።"

ተመልሶ ገባ። ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም፤ አባዬ አጠገብ ነው ያለው፣ አባዬም ይተነፍሳል።